በእኔ ግጥም የተዳረችው

ለገጣሚ ረጅም ዕድሜ አይመረቅለትም። በወጣትነቱ የተቀጨ ገጣሚ ቢያንስ ቆንጆ ፎቶግራፍ ይቀርለታል፤ ኮረዶችም «ምነው በኖረ!» ይሉለታል። እንደ እኔ ሰባውን አልፎ በከዘራ የሚሄደው ግን የሚቀርለት የደም ግፊት ኪኒን ብቻ ነው። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ማማረር የወጣቶች ነው፤ እነሱ የሚሰማቸው ሰው ያለ ይመስላቸዋል።

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ከጊንጆ ተነስቼ በእግሬ ወደ ጅማ መርካቶ ስወርድ አንድ የጭነት መኪና አጠገቤ አለፈና ያ ሽታ መጣብኝ። ከቡና ጋር ያላደገ ሰው ቡና የሚሸተው ሲቆላ ብቻ ይመስለዋል። ቡና ግን ከዚያ በፊትም ሽታ አለው፤ ቀዩ ፍሬ ተፈልፍሎ ገለባው በየወንዙ ዳር ሲከመር፣ ጠጅም ኮምጣጤም ያልሆነ፣ ከሩቅ የሚያውድ፣ ሲቀርቡት ግን የሚያስነጥስ ሽታ። የመጀመሪያ ፍቅርም እንደዚያው ነው። አፍንጫዬን ሲነካኝ መርካቶ ጠፋችብኝና አጋሮ ታየችኝ፤ ጭቃዋ፣ የቡና መጋዘኖቿ፣ ቆርቆሮው የዛገው ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤቱ ጓሮ አጥር ላይ ተደግፋ የቆመች አንዲት ልጅ። እንደዚያ እንደፈዘዝኩ ነዚፍ ሱቅ ደረስኩ።

ነዚፍ ልብስ ሰፊ ነው፤ አባቱም ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጅማ የነሱ ናት፤ የእኔ አባት ከጎጃም በእግራቸው ለንግድ መጥተው የቀሩ ናቸው። ከልጅነት ጀምሮ ሱሪዬን የሚያሳጥርልኝም፣ ምላሴን የሚያሳጥርልኝም ነዚፍ ነው። «ኮቱ፣ ና ተቀመጥ» አለኝ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ «ዛሬ ከዘራው ነው አንተን ይዞህ የመጣው ወይስ አንተ እሱን?» ገና መልሱን ሳስብ አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ፌስታል አንጠልጥላ ገባች። «ይህችን ቀሚስ ወገቧ ላይ ጠበብ አድርግልኝ፤ ለእሁድ ትድረስልኝ» አለች። ፊቷን ከማየቴ በፊት ድምፅዋን አወቅሁት። ፊት ያረጃል፣ ወገብ ያረጃል፣ ሴት ስም ጠርታ የምትሰብርበት ድምፅ ግን አያረጅም።

ወይንሸት ናት። የዘፋኙ የታምሩ ሚስት፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ የዘፋኙ የታምሩ ባልቴት። ባሏ ሲሞት ከአዲስ አበባ ተመልሳ መንደራ ቆጪ ሰፈር ሴት ልጇ ቤት እንደገባች ሰምቻለሁ። እኔም በዚያ በኩል የሚያልፍ ባጃጅ ላለመሳፈር ስጠነቀቅ ነው የከረምኩት።

«አያሌው!» አለች። «እግዜር ነው ያገናኘን፤ ቤትህ ልመጣ ነበር። የታምሩን ሙት ዓመት የከተማው ልጆች በአዳራሽ ሊያስቡለት ነው፤ እሁድ ከሰዓት። አንተም የልጅነት ጓደኛው ስለሆንክ ትናገራለህ ብለውኛል።»

«አዎ፣ ልጆቹ መጥተው ጠርተውኛል።»

«እንግዲያው የተለመደውን ጨዋታህን ተጫወትልን፤ ሰው ይሳቅ። ያንን ነገር ግን አታንሳው። እባክህ፤ ልጆቼ እዚያው ናቸው።»

ነዚፍ የስፌት መኪናውን አቆመ። አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ «ያንን ነገር» ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም፤ እኔ ራሴም ስም አላወጣሁለትም ነበር።

ያኔ እኔና ታምሩ እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ዘመኑ የትኛው መንግሥት እንደነበረ አትጠይቁኝ፤ መንግሥት ሲለወጥ በየሻይ ቤቱ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ይለወጥ ነበር እንጂ የጅማ ዝናብ ለማንም ብሎ አልቆመም። እኔ የማስታውሰው ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ በአስር ሳንቲም መሆኑን ነው። የእኛ ሱሪ ከጉልበት በላይ ቆዳ ላይ የተሰፋ፣ ከጉልበት በታች ደግሞ ዣንጥላ ነበር፤ ነዚፍ ሲሰፋው «በዚህ ጨርቅ እኮ ለአባትህ ሙሉ ልብስ ይወጣው ነበር» እያለ ይሰድበን ነበር። ጠጉራችንን አጎፍረን፣ ከኋላ ኪሳችን ሚዶ ሰክተን፣ ተረከዙ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ አድርገን፣ ከአዌቱ ድልድይ እስከ ትልቁ ሆቴል ድረስ ጭቃውን እየረገጥን ስንሄድ ከተማው ሁሉ የሚያየን ይመስለን ነበር። አሁን ሳስበው ያየን የነበረው ጫማ ጠራጊው ብቻ ነው፤ እሱም ለእንጀራው ሲል።

ታምሩ ድምፅ ነበረው። ይህን አልክድም፤ እኔ የተካድኩ ሰው ነኝ እንጂ ከሃዲ አይደለሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሆቴሉ ውስጥ ከባንዱ ጋር ሲዘፍን፣ ሴቶቹ የለስላሳ ጠርሙሳቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይቀሩ ነበር። ችግሩ የሚዘፍነው የሰው ዘፈን መሆኑ ነው። የራሱ ግጥም አልነበረውም። እኔ ደግሞ ግጥም ነበረኝ፣ ድምፅ አልነበረኝም፤ ስዘፍን ነዚፍ «ወላሂ፣ ጎረቤት በሬ የሚታረድ ይመስለዋል» ይለኝ ነበር። አንድ ሙሉ ሰው ለሁለታችን ተካፍሎ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ወዳጅነት ጥሩ የሚሆነው ግን ሁለቱም ግማሾች ግማሽ መሆናቸውን እስካወቁ ድረስ ነው።

የእኔ ሥራ አጋሮ ነበር። የአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ተቀምጬ ጆንያ እመዝናለሁ። ሰኞ ማለዳ በሎንቺና እሄዳለሁ፣ ዓርብ ማታ እመለሳለሁ። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት የወይንሸት አባት ሻይ ቤት ነበር፤ እሷ ሻይ ታቀርባለች። ሰማያዊ ቀሚስ ነበራት፣ ክንዱ ላይ የተነፋ፤ ብርጭቆ ስታስቀምጥ ድምፅ አታሰማም። እኔ በቀን ስንት ሻይ እጠጣ እንደነበር ሆዴ ይመስክር። በመጀመሪያ ስለ ዝናብ አወራን፣ ከዚያ ስለ ዘፈን፣ ከዚያ ዝም ማለት ጀመርን። ዝምታው ከወሬው ይሻል ነበር።

አንድ ዓመት በበጋው ማለቂያ፣ ከረጅም ድርቅ በኋላ አንዲት ካፊያ ጣለችና የአጋሮ ቡና ሁሉ በአንድ ጊዜ አበበ። ያላየው አያምንም፤ ማታ አረንጓዴ ሆኖ ያደረ ጫካ ጠዋት ነጭ ለብሶ ይጠብቅሃል፤ ሽታው ሰው ያስለቅሳል። ያንን ሳምንት ነው ግጥሙ የመጣልኝ። ቅዳሜ ነዚፍ ሱቅ ውስጥ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። ሰኞ ሻይ ቤቱ ጓሮ አጥሩ አጠገብ ጠራኋትና በቃሌ አልኩላት፦

ቡናስ ለማበቡ አንድ ዝናብ በቃው፤
ያንቺን ልብ የትኛው ክረምት ነው ’ሚያነቃው?

ጆሮዋ ቀላ። «ድገመው» አለች፤ ደገምኩት። ስድስቱንም ስንኝ በቃሏ እስክትይዘው አስደገመችኝ። እኔም ደስታዬ ሲበዛ ፈራሁና «ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት። አባቷን ፈርቼ ነበር፤ መጋዘኑን ፈርቼ ነበር፤ ሰው ደስ ሲለው የማይፈራው ነገር የለም።

ለአንድ ሰው ግን እኔው ራሴ ተናገርኩ። ገጣሚ ምስጢር አይችልም፤ ምስጢር ቢችል ኖሮ ገጣሚ አይሆንም ነበር። ለታምሩ ነገርኩት። አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ ያዳምጠኝ ነበር፤ ሲያልቅ ተነስቶ ተቀመጠ። «ዜማ ላውጣለት» አለ። «ለአንተ ሰርግ እዘፍነዋለሁ። በእናቴ!» በእናቱ ማለ። እዚያው ክራሩን አንስቶ ሲያንጎራጉረው፣ እውነቴን ነው፣ የራሴን ግጥም ያን ጊዜ ገና የሰማሁት መሰለኝ። እቅፍ አድርጌ ሳምኩት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ታምሩ ዕድሉን ልሞክር ብሎ አዲስ አበባ ሄደ። አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣውን የተሸከምኩለት እኔ ነኝ። በትከሻዬ።

ግጥሜን ዳግም የሰማሁት አጋሮ ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ ሻይ ቤቱ ጢም ብሏል፤ የወይንሸት አባት ሬዲዮ መደርደሪያው ላይ ከስኳሩ ጣሳ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። መጀመሪያ የታምሩ ድምፅ መጣ፣ ደስ አለኝ፤ «የኔ ጓደኛ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ «ቡናስ ለማበቡ» ሲል የበለጠ ደስ አለኝ። ከዘፈኑ በኋላ ጠያቂው «ግጥምና ዜማውስ የማን ነው?» አለው። «ሁለቱም የራሴ ናቸው» አለ ታምሩ፤ «መታሰቢያነቱም ለአጋሮዋ ለወይንሸት ይሁንልኝ።»

ሻይ ቤቱ በአንድ አፍ ጮኸ። ሰው ሁሉ ወደሷ ዞረ፣ አባቷም ዞሩ። ተቆጡ ስል ሳቁ፤ ስሟ በአገር ሬዲዮ ተጠርቶ! እኔ እሷን አየኋት፤ ታየኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ሬዲዮኑን ነበር የምታየው። የያዘችውን ብርጭቆ ስታስቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አሰማ።

ታምሩ ሲመለስ ጅማ እንደ ሙሽራ ተቀበለችው። ቅዳሜ ከሰዓት ሆቴሉ ውስጥ ዝግጅት ተደረገ፤ ወይንሸትም ከአባቷ ጋር ከአጋሮ ተጠርታ መጣች፤ ያቺን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ጓደኛዬ ነው፣ ስቶ ነው፣ አሁን መድረክ ላይ ሲወጣ ስሜን ይጠራዋል እያልኩ። አልጠራውም። ዘፍኖ ሲጨርስ ነዚፍ ከወንበሩ ተነሳ። «ወላሂ ውሸት ነው!» አለ። «ይህ የአያሌው ግጥም ነው፤ እኔ ሱቅ ውስጥ ነው የተጻፈው!»

ታምሩ አልደነገጠም፤ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ከድምፁ በላይ ብዙ ዘመን አብልቶታል። «አያሌው ወንድሜ ነው፤ ስናወራ ሐሳብ አካፍሎኝ ይሆናል» አለ።

አንድ ሽማግሌ «የተጻፈላት ልጅ እዚሁ አይደለችም እንዴ? እሷ ትንገረን» አሉ።

ልቤ አረፈ። ታምሩን ለመርታት ከሷ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? ከማንም በፊት ከእኔ አፍ የሰማች፣ በአጥሩ በኩል ያስደገመችኝ! ወይንሸት ተነሳች። ቀሚሷን በሁለት እጇ አስተካከለች። ወደ እኔ አላየችም። «ለእኔ የጻፈልኝ እሱ ነው» አለችና በጣቷ ታምሩን አሳየች።

ጭብጨባው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ነዚፍ ክንዴን ይዞ አወጣኝ፤ ደጅ ስንደርስ የለበስኩትን ሸሚዝ የአንገት ቁልፍ ፈታልኝ። ቡናው ተለቅሞ እንደተሸጠ ተጋቡና አዲስ አበባ ገቡ።

ከዚያ በኋላ የፍቅር ግጥም አልጻፍኩም። ሰው ግን መሆን ያለበትን መሆን አይተውም፤ የግጥሙ ውሃ በበሩ መውጣት ሲከለከል በመስኮት ወጣ፤ ቀልደኛ ሆንኩ። በየሰርጉ ሙሽሮችን በስንኝ የምተርብ፣ በየማኅበሩ ሽማግሌዎችን የማስቅ ሆንኩ። «አያሌውን ጥሩት፣ ያስቀናል» ማለት ተጀመረ። አግብቻለሁም፤ ሚስቴ ዘነበች ነፍሷን ይማርና ግጥም የማትወድ፣ እኔን ግን የምትወድ ሴት ነበረች፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ካለባችሁ እንዲህ ዓይነቷን ምረጡ። ያ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ ምንም ሳትናገር ሄዳ ትዘጋው ነበር። አንድም ቀን ለምን እንደምትዘጋው አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። የትዳር ቅኔ ካለ እሱ ነው።

ታምሩ በዚያ አንድ ዘፈን ዕድሜውን ኖረ። ሌሎች ዘፈኖችም አወጣ፣ ግን ሰው ሁሉ «ቡናስን ዝፈንልን» ይለዋል። ለምን እንደዚያ ያለ ደግሞ አይጽፍም ሲሉት «ጥበብ አንዴ ነው የምትጎበኝህ» ይል ነበር አሉ። ለጅማ ዘመዶቹ ሰርግ ሲመጣ አዳራሽ መሃል ያቅፈኛል፤ «የልጅነት ጓደኛዬ!» ይላል፤ ጀርባዬን ሲመታኝ ሳንባዬ ይንቀጠቀጣል። እኔም አቅፈዋለሁ። ሰው በሚበዛበት ቦታ ክህደት እንኳ ይሉኝታ አለው።

እንግዲህ ያንን ነገር ነው አታንሳው ያለችኝ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ወደሷ ዞርኩ። ከዚያ ጠየቅኋት፤ ይህን ሁሉ ዘመን ጥያቄውን ስሞርደው ኖሬ ሲወጣ እንደ ሕፃን ሆኖ ወጣ። «ለምን ግን፣ ወይንሸት? ታውቂ የለም ወይ?»

ጥግ ላይ ካለች በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «አውቅ ነበር» አለች። «ግጥሙን ስትነግረኝ ደስታዬን ጮሄ ልናገር ነበር። አንተ ‹ለማንም እንዳትናገሪ› አልከኝ። የተሰረቀ ዕቃ አስመሰልከኝ። እሱ ግን በሬዲዮ ስሜን ጠራው። አባቴ ሰማ፣ ገበያው ሁሉ ሰማ። አየህ፣ አያሌው፣ በጆሮዋ የሚነግራትን ሴት ትወደው ይሆናል። የምታገባው ግን ጮክ ብሎ የተናገረላትን ነው።»

«የሰው ነገር ሲሆን ጮክ ማለት ይቀላል» አልኳት።

«ልክ ነህ» አለች። «ግን ተጮኸልኝ።»

ቀሚሷን ለነዚፍ ሰጥታ ወጣች። እኔ ቃል አልገባሁላትም፣ እሷም አላስገባችኝም። ነዚፍ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ምን ታደርጋለህ?» አለኝ። አላወቅሁም አልኩት። እውነቴን ነበር። ግን ለእሁድ ኮቴን እንዲተኩስልኝ እዚያው ትቼለት ሄድኩ።

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። የታምሩ ትልቅ ፎቶግራፍ፣ ያ ፈገግታ ሳይቀር፣ አበባ ተደርጎበት መድረኩ ላይ ቆሟል። ወይንሸት ከፊት ወንበር ላይ ከልጆቿና ከልጅ ልጆቿ መሃል ነበረች፤ ቀሚሷ ልክክ ብሎላታል። የመድረክ መሪው ጠጉሩን የጠቀለለ ወጣት ነው። «አባባ አያሌው፣ መድረኩ የእርስዎ ነው፤ ፈታ ያድርጉን!» ብሎ ማይኩን ሰጠኝ። ገና ስቆም ሰው ፈገግ ማለት ጀመረ።

«ልጆቼ» አልኩ፣ «ቡናስ ለማበቡ የተባለውን ግጥም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ታምሩ ወሰደብኝ። ግጥሙንም ወሰደ፣ ግጥሙ የተጻፈላትንም ወሰደ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ አፏጨ። እጄን አነሳሁ፤ «ቀልዴን አይደለም» አልኩ፤ ባሰባቸው። አንዲት ወጣት ስቃ ስቃ ጎረቤቷ ትከሻ ላይ ወደቀች። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። እኔ በየሰርጋቸው የአባቶቻቸውን ሆድ በሳቅ ያቆሰልኩ ሰው ነኝ፤ እንዴት ይመኑኝ?

ማስረጃ ነበረኝ። ለወይንሸት ያልኩላት፣ ለታምሩ ግን ያልሰጠሁት አንድ የመጨረሻ ቤት ነበር፤ ለፍቅር ዘፈን ቀልድ ይሆናል ብዬ ያስቀረሁት። ያኔ በአጥሩ በኩል ስላት አፏን ይዛ ስቃ ነበር። ማይኩን ጠበቅ አድርጌ፣ እሷን እያየሁ አልኩት፦

አበባ ያየ ሁሉ ፍሬ አይለቅምም አሉ፤
የተከለው ቆሞ አላፊዎች በሉ።

የወይንሸት ከንፈር ከእኔ ጋር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሁለተኛውን መስመር ከእኔ ቀድማ ጨረሰችው። በቃሏ! ይህን ሁሉ ዘመን ከሰው ባል ጋር እየኖረች፣ የእኔን ስንኝ ሳታፈስ ይዛው ኖራለች። ማይኩን ከአፌ አወረድኩት።

«ኧረ ክሱ ከባድ ነው!» አለ ወጣቱ እየሳቀ፤ ማይኩን ከእጄ ወስዶ ከመድረክ ዘሎ ወረደና ወደሷ ዘረጋው። «እትዬ ወይንሸት፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ለሚቀጥለው ሳቅ እየተዘጋጀ። ወይንሸት ቀና ብላ አየችኝ። ያን ቅዳሜ ከነፈገችኝ ዓይን ጋር አሁን ተያየን፤ እንባ አቅሯል። ልጇ እጇን ያዘቻት። ወይንሸት ልጇን አየች፣ ከዚያ ፎቶግራፉን፣ ከዚያ ማይኩን።

«አያሌው» አለች፣ «ድሮም ቀልደኛ ነው።»

ድሮ ቀልደኛ አልነበርኩም። ድሮ ገጣሚ ነበርኩ። ይህን ግን ለማን እላለሁ? ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ወርጄ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፤ አጠገቤ ያለው ሰው ጉልበቴን እየደበደበ «አይ ጋሼ! አይ ጋሼ!» ይለኝ ነበር።

ስንወጣ ዝናብ አባርቷል። ደጁ ላይ የወይንሸት ልጅ እናቷን ባጃጅ ውስጥ እያስገባች ስታየኝ ሮጣ መጥታ ትከሻዬን ሳመችኝ። «አባባ፣ በሳቅ ገደሉን እኮ! አባቴ ቢኖር እንዴት ደስ ይለው ነበር! ሚያዝያ ላይ ልጄን እድራለሁ፤ እንዳይቀሩብኝ፣ መድረኩ የእርስዎ ነው» አለችኝ። ዕድሜ ከሰጠን እመጣለሁ አልኳት። ወይንሸት ባጃጁ ውስጥ ፊት ለፊቷን ብቻ እያየች ነበር፤ ሲነሱም አልዞረችም።

ነዚፍ ከጎኔ ቆሞ ነበር። «ታዲያ ሰርጉ ላይ ምን ልትነግራቸው ነው?» አለኝ።

«ውሸት» አልኩት። «እውነቱን ስነግራቸው ሳቁ። ምናልባት ውሸቱን ያምኑኝ ይሆናል።»

ነዚፍ አልሳቀም።